ሳይወሰን በፊት የተጠየቀ ሰፈር

ሃምቡርግ የመጣሁት ታላቅ እህቴ እዚህ ስለነበረች ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከተማዋ ስንት ቴአትር ቤት እንዳላት፣ ሕዝቧ መጤን በምን ዓይን እንደሚያይ የማውቀው ነገር አልነበረም። እህቴ አልቶና በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ነበራት፤ አንዷን ለቀቀችልኝ። የልብስ ስፌት ሙያዬን ከአዲስ አበባ ይዤው ነው የመጣሁት። ጀርመናዊት ጎረቤቷ የቴአትር አልባሳት ከሚሰፋበት ወርክሾፕ ሰዎች ጋር አገናኘችኝ፤ ዛሬም የምሠራው እዚያው ነው። አውሮፓውያን አጥኚዎች «የፈጠራ ኢኮኖሚ» በሚሉት ዘርፍ ውስጥ እቆጠራለሁ ማለት ነው።

ስለ እንደኔ ዓይነት ሠራተኞች ብዙ ተጽፏል፤ ከተሞችም በተጻፈው ተመርተው ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል። ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1995 ቻርልስ ላንድሪና ፍራንኮ ቢያንኪኒ እንግሊዝ አገር «የፈጠራ ከተማ» የምትል ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ፋብሪካው የተዘጋበት ከተማ በነዋሪዎቹ ሐሳብና ጥበብ ሊያንሰራራ ይችላል የምትል ናት። በ1998 የእንግሊዝ መንግሥት የፈጠራ ኢንዱስትሪ ብሎ 13 ዘርፎችን ቆጠረ፤ ሙዚቃ፣ ፊልም፣ ቴአትር፣ ፋሽን፣ ሥነ ሕንፃ፣ ማስታወቂያ፣ የኮምፒውተር ጌም ሳይቀር አለበት። በ2002 ደግሞ አሜሪካዊው ሪቻርድ ፍሎሪዳ ከንቲባዎቹን ሁሉ የማረከ መጽሐፍ አወጣ። እሱ እንደሚለው የከተማ ሀብት የሚመጣው «የፈጠራ መደብ» ብሎ ከጠራቸው ሰዎች ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሚኖሩበትን ከተማ የሚመርጡት ቴክኖሎጂውን፣ የባለተሰጥኦውን ብዛትና የሕዝቡን መቻቻል አይተው ነው። ስለዚህ ከተማህን አሳምር፣ ስሟን አስተዋውቅ፣ ሰዎቹ ይመጣሉ።

እውነት ነው ወይ? ይህን ጥያቄ በሰፊው የመረመረው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተካሄደው «አክሬ» የተባለ ጥናት ነው። ከ2006 እስከ 2010 የቆየ ሲሆን ያስተባበረው የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአምስተርዳምና ከባርሴሎና እስከ ሶፊያና ሪጋ ድረስ 13 ትልልቅ ከተሞችን ከነዙሪያቸው ያጠቃልላል። አጥኚዎቹ በፈጠራና በዕውቀት ሥራ የተሰማሩትን ሠራተኞች፣ የድርጅት ኃላፊዎችን፣ ከሌላ አገር የመጡ ባለሙያዎችን ለምን እዚህ ትኖራላችሁ ብለው ጠየቋቸው። መልሱ የፍሎሪዳን መንገድ አልተከተለም። ብዙዎቹ የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያላቸው፣ ሥራ ያገኙበት ከተማ ስለሆነ ነው የሚኖሩት። ካፌው፣ ሙዚየሙ፣ የመቻቻሉ ስም ሰውን ከሩቅ የመጥራት ኃይላቸው ትንሽ ነው፤ ቢጠቅሙ እንኳ የበለጠ የሚጠቅሙት የመጣውን ሰው ለማቆየት ነው።

ይህን ሳነብ እህቴ ትዝ አለችኝ። እኔን እዚህ ያመጣኝም ያቆየኝም ሰው ነው። እንዲህ ከሆነ ከተማ ገንዘቡንና ሐሳቡን ይመጣሉ ብሎ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ከማዋሉ በፊት ቀድሞ ያሉትን ምን ትፈልጋላችሁ ብሎ መጠየቅ አለበት። ስለ ፈጠራ ኢኮኖሚና ስለ ነዋሪዎች ተሳትፎ የሚደረገው ጥናት የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሃምቡርግ ደግሞ መጠየቅ ሲያምርም ሲከሽፍም የታየባት ከተማ ናት።

ከኤልበ ወንዝ በላይ፣ ሳንክት ፓውሊ ሰፈር ውስጥ፣ ብረት የሆኑ የዘንባባ ዛፎች የቆሙባት ትንሽ ፓርክ አለች። ማዶው የወደቡ ክሬንና የመርከብ መጠገኛ ነው። ሣር የለበሰ፣ የሚበር ምንጣፍ እንዲመስል ተደርጎ እንደ ማዕበል የተቀረጸ ሜዳ አለ፤ ልጆች ከጫፉ ይንከባለሉበታል። ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ወለሉ ላይ የአበባ ሥዕል አለበት። ስሟ ፓርክ ፊክሽን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተማው ይህን በወንዙ ዳር የቀረውን ክፍት ቦታ ለሕንፃ ሊሸጠው አስቦ ነበር። ሰፈሩ በጊዜው ከድሆቹ አንዱ ነበር፤ ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ አልነበረውም።

ነዋሪዎቹ ግን «አትገንቡ» ብለው መፈክር ከመያዝ ሌላ መንገድ መረጡ። ፓርኩ የተፈቀደ ይመስል እነሱው መንደፍ ጀመሩ። በጎረቤት ያለው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን፣ ከወደቡ ዳር ባዶ ቤቶችን ሰብረው ገብተው ለዓመታት የተሟገቱት ወጣቶች፣ የሌሊት ክበቡ ሙዚቀኞች፣ ክሪስቶፍ ሼፈርና ማርጊት ቼንኪ የተባሉ ሠዓሊያን አብረው ነበሩ። ቦታው ላይ ኮንቴይነር አቆሙ። ውስጡ የሚቦካ ጭቃ፣ ካርታ፣ መጠይቅ፣ የሐሳብ ማኅደር አለ። ሌሊት ሐሳብ የመጣለት ሰው የሚደውልበት ስልክም ነበራቸው። ወደ ኮንቴይነሩ መምጣት ለማይችል ደግሞ መሣሪያውን በሻንጣ ይዘው ቤቱ ድረስ ይሄዱ ነበር።

የሻንጣው ነገር ልቤን ይነካዋል። በብዙ ከተማ «ነዋሪው ተጠየቀ» የሚባለው አዳራሽ ተከራይቶ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በቢሮ ቋንቋ ነው። እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ፕሪሚየር ሲደርስ እስከ ሌሊት የምሰፋ ሰው ነኝ፤ እህቴ አዛውንት ተንከባካቢ ናት፣ ማታ ፈረቃ ትገባለች። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የሚገኘው ጊዜ ያለውና ቋንቋው የማያስጨንቀው ነው። ሻንጣ ተሸክሞ በር ያንኳኳው ሰው ያመጣው ሐሳብ ከዚያ አዳራሽ አይገኝም።

ከተማው ቀስ በቀስ ተሸነፈና ቦታውን ከሽያጭ አወጣው። ሥራው በ2002 ካስል ከተማ ላይ በሚካሄደው በዓለም ታዋቂ በሆነው የዶኩሜንታ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ፤ ፓርኩ በ2005 ተመረቀ። ዘንባባው፣ የሚበረው ምንጣፍ፣ የውሾች መናፈሻው ሁሉ ከነዋሪዎቹ ምኞት የመጣ ነው። የባለሙያዎቹ ድርሻ ምኞቱን መሬት ላይ የሚቆም ማድረግ ነበር።

የተሳትፎ ጥናት የሚያነብ ሁሉ ሼሪ አርንስታይን የተባለችውን አሜሪካዊት ያውቃታል። በ1969 ባወጣችው ጽሑፍ የነዋሪን ተሳትፎ በስምንት ደረጃ ባለው መሰላል አሳየች። ከታች ሰውን ለማታለል ብቻ የሚጠሩበት ነው፤ መሐል ላይ ማሳወቅና ማማከር አለ፤ ከላይ ነዋሪው ራሱ የሚወስንበት። የአውሮፓ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙባታል። ፓርክ ፊክሽን ከላይኞቹ ደረጃዎች ላይ የደረሰው ከተማው ስለጋበዘው አይደለም፤ ነዋሪዎቹ ግብዣ ሳይጠብቁ ስለጀመሩ ነው።

የሃምቡርግ አስተዳደር ግን በዚያው ዘመን የፍሎሪዳን ትምህርት በደንብ ተምሮ ነበር። ከ2002 ጀምሮ «እያደገች ያለች ከተማ» የሚል መርሕ ይዞ በወደቡ ላይ አዲስ ከተማ፣ ሃፈንሲቲን፣ ይገነባ ነበር። እዚያ የቆመው የኤልብፊልሃርሞኒ የሙዚቃ አዳራሽ መጀመሪያ ከመንግሥት ካዝና 77 ሚሊዮን ዩሮ ይበቃዋል ተብሎ ነበር፤ በ2017 ሲከፈት ከመንግሥት የወጣው ገንዘብ 789 ሚሊዮን ደርሷል። አዳራሹ ውብ ነው፤ ድምፁንም ሰምቼዋለሁ፣ እንከን አላወጣለትም። ነገር ግን በዚያው ዓመታት ሠዓሊውና ሙዚቀኛው የሚሠራበት ርካሽ ክፍል አንድ በአንድ ይጠፋ ነበር። መጀመሪያ ሠዓሊ ይገባል፣ ቀጥሎ ካፌ ይከፈታል፣ ከዚያ ሰፈሩ በመጽሔት ላይ ይወጣል፣ ኪራይ ይጨምራል። የእህቴ አከራይ በሁለት ደብዳቤ ኪራዩን ከአቅሟ በላይ ካደረሰባት በኋላ ወደ ከተማዋ ምሥራቅ ዳር፣ ወደ ቢልሽቴት ተዛወረች። ያች ጀርመናዊት ጎረቤት፣ ያ ሥራ ያስገኘልኝ ትውውቅ ሁሉ የነበረው በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ነበር። እኔም ካዛንቺስ ያደግሁ ስለሆንኩ ሰፈር ሲበተን የሚጠፋው ቤቱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በ2009 መከር ላይ የከተማዋ ሙዚቀኞችና ሠዓሊያን «በእኛ ስም አይሆንም» የሚል መግለጫ አወጡ። እኛን ለከተማዋ ማስታወቂያ አድርጋችሁ፣ በእኛ ምክንያት የተወደደውን መሬት ለባለሀብት አትሽጡ ነው የሚሉት። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2009፣ ወደ 200 የሚሆኑ ሠዓሊያንና ወዳጆቻቸው መሐል ከተማ ወዳለው ጌንገፊርተል ገብተው ነበር። ይህ ከድሮው የወደብ ሠራተኞች ጠባብ መንደሮች የተረፈ 12 ቤት ነው። የቀሩት መንደሮች አብዛኛዎቹ ከ8,600 ሰው በላይ ከገደለው ከ1892ቱ የኮሌራ ወረርሽኝ በኋላ በየጊዜው የፈረሱ ናቸው። ከተማው እነዚህንም 12 ቤቶች ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ሸጧቸው ነበር፤ አብዛኛው ሊፈርስ።

የገቡት ሰዎች በር ዘግተው ድንጋይ አልወረወሩም። ኤግዚቢሽን ከፈቱ። በየመስኮቱ ቀይ ክብ ምልክት ለጠፉ፤ በየግቢው ሙዚቃ ተሰማ፣ ምግብ ተበሰለ፣ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አየ። ታዋቂው ሠዓሊ ዳንኤል ሪሽተር ስሙን ሰጥቶ ቆመላቸው። በአራት ወር ውስጥ ከተማው ቤቶቹን በ2.8 ሚሊዮን ዩሮ መልሶ ገዛ።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ታሪኩን ይጨርሰዋል። ለኔ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ የከተማው ሆነ፤ እድሳቱንም ከተማው ጀመረ፤ ግን ከታደሰ በኋላ ማን ያከራያል፣ ማን ይወስናል የሚለው አልተዘጋም ነበር። ነዋሪዎቹ በ2010 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ነበር። በ2015 ከተማው እኛን ከውሳኔ እያስወጣ ነው ብለው ከእድሳቱ ዕቅድ ራሳቸውን አገለሉ። ድርድሩ ዓመታት ፈጀ። በ2019 የተስማሙት ማኅበሩ ቤቶቹን ለ75 ዓመት በሊዝ እንዲይዝ ነው። መሬቱ የከተማው ነው፤ ማኅበሩም ለትርፍ ሊሸጠው አይችልም፤ ግን ለ75 ዓመት ማንም መጥቶ ውጡ አይለውም። ከመግባት እስከ ውል አሥር ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ትዕግሥታቸው ያስደንቀኛል።

ሠዓሊው ሁልጊዜ የሰፈሩ ድምፅ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። አልቶና ውስጥ ሠዓሊያን የሚሠሩበት ፍራፓንት የሚባል ያረጀ ትልቅ ሕንፃ ነበር። ኢኬያ አፍርሶ የዕቃ ሱቅ ሊሠራበት ፈለገ። ጉዳዩ በጥር 2010 ለሰፈሩ ሕዝብ ድምፅ ቀረበና 77 ከመቶው ይሠራ አለ። እህቴም ይሠራ ብላ ነው የመረጠችው። መንገዱ ሞቶ ነበር፣ ሱቆቹ ተዘግተው ነበር፣ ለሷ ሠዓሊ የሚሠራበት የተሰነጣጠቀ ሕንፃ ምንም አያደርግላትም። በ2014 ሱቁ ተከፈተ። አንዳንድ ጓደኞቼ ዛሬም ያዝናሉ፤ እኔ ደግሞ የእህቴን ድምፅ የምቀንስበት ምክንያት አላገኘሁም። ተሳትፎ የምንፈልገው የምንወደው መልስ ሲመጣ ብቻ ከሆነ ከልባችን አይደለም። ያም ሆኖ ጥያቄው «ይሠራ ወይስ አይሠራ» ከሚል ባለፈ ቢቀርብ፣ ሱቁም የሠዓሊያኑ ክፍልም አብረው የሚኖሩበትን መንገድ ሰፈሩ ራሱ ባገኘው ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ሰፋ አድርጎ መጠየቅ የተሞከረው በዚያው በሳንክት ፓውሊ ነው። ሪፐርባን በሚባለው ጎዳና ላይ ኤሶ ነዳጅ ማደያ ያለባቸው የ1960ዎቹ ቤቶች ነበሩ፤ ሰው ሁሉ የኤሶ ቤቶች ይላቸው ነበር። በታኅሣሥ 2013 አንድ ሌሊት ሕንፃው ተነቃነቀና ነዋሪው በፒጃማው ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ፈረሰ። ሰፈሩ በጣም ስለተቆጣ የወረዳው አስተዳደር ፕላንቡደ የተባለ ቡድን ቀጥሮ ነዋሪው እንዲጠየቅ አደረገ፤ ከቡድኑ ውስጥ የፓርክ ፊክሽን ሰዎችም ነበሩበት። እንደገና ኮንቴይነር፣ ጭቃ፣ ሌጎ፣ ሥዕል። ከ2,300 በላይ ሐሳብ ተሰበሰበ። ከሐሳቡ ውስጥ ሰፈሩ የሚወደውን ነቅሰው አወጡና «የሳንክት ፓውሊ ሕግ» አሉት፤ ትንንሽ ሱቅ ይኑር፣ አንድ ዓይነት ሕንፃ አይደርደር፣ ኪራዩ ሰፈሩ የሚችለው ይሁን። የአርክቴክቶች ውድድር የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው።

የእኛ ሙያ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ወዲያው ይገባዋል። ለመድረክ የሚሰፋ ልብስ ከገበያ ልብስ የሚለየው በውስጡ ነው። ዘንድሮ ለቀጭን ተዋናይት የሰፋነውን ቀሚስ ከርሞ ሌላ ሰው ልትለብሰው ስለምትችል ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ እንተዋለን። ቆርጠን ከጣልነው በኋላ ዳይሬክተሩ «ትንሽ ሰፋ አድርጊው» ቢለኝ የማደርግለት የለኝም። ሕንፃውም ተነድፎ፣ ኪራዩ ተሰልቶ፣ ባንኩ ፈርሞ ካለቀ በኋላ ነዋሪውን መጥራት ያው ነው፤ ለመስፋት የቀረ ጨርቅ የለም።

ይሁንና መሬቱ የሙኒክ አንድ ኩባንያ ነበር። ውድድሩ በ2015 ተጠናቀቀ፣ ስምምነትም ተፈረመ፤ ኩባንያው ግን ሳይገነባ ዓመታት አለፉ፣ በሪፐርባን መሐል ያለው ጉድጓድም ባዶውን ኖረ። ሰፈሩ በጊዜ ተጠይቆ ነበር፤ የጎደለው መሬቱ ነው።

ሌላ የመጠየቂያ መንገድም ተሞክሯል። በ2015 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች፣ ከሶሪያና ከአፍጋኒስታን፣ ከኤርትራም፣ ሃምቡርግ ሲገቡ ከተማው የሃፈንሲቲ ዩኒቨርሲቲን «ሲቲ ሳይንስ ላብ» እርዳታ ጠየቀ። በ2016 ወደ 400 የሚጠጉ ነዋሪዎች ካርታ በሚበራበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መጠለያ የሚሠራበትን ቦታ በሌጎ ጡብ አመለከቱ። እኔም አንድ ከሰዓት ሄጄ ነበር። ጡቡን ስታስቀምጡ ቦታው የማን እንደሆነ፣ ምን ሕግ እንደሚከለክለው ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። «እዚህ ሰፈር አይሆንም» እያሉ የመጡ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰዓት በኋላ የራሳቸውን ሰፈር ባዶ ቦታ እየፈለጉ አየሁ። ከተጠቆሙት 161 ቦታዎች ከተማው 44ቱን መጀመሪያ ተቀበለ። በኋላ የሚመጣው ሰው ቁጥር ስለቀነሰ መጠለያ የተሠራባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የዚያ ቤተ ሙከራ ልምድ ግን ዛሬ ከተማው የፕላን ጉዳዮችን ለነዋሪ በሚያቀርብበት ዲጂታል ካርታ ውስጥ ገብቷል።

እኔን ይበልጥ ተስፋ የሰጠኝ ግን ከዚህ ሁሉ ልምድ በኋላ የመጣው የፊርማ ዘመቻ ነው። በ2020 ሁለት የነዋሪዎች ንቅናቄዎች ከተማው መሬቱን መሸጥ ያቁም፣ በከተማው መሬት ላይ የሚሠራ ቤት ኪራዩ ዝቅ ይበል ብለው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ወርክሾፓችን ውስጥ ቅጹ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመቀሱና ከኖራው አጠገብ ነበር የተቀመጠው፤ ለልክ የመጡ ተዋንያን ሳይቀሩ እየፈረሙ ይሄዱ ነበር። ዜግነት ስለሌለኝ እኔ አልፈረምኩም፤ እህቴ ግን ከቢልሽቴት ድረስ በአውቶቡስ ቅጹን ሞልታ አመጣችው። በ2022 መጨረሻ የከተማዋ ገዥ ፓርቲዎች ከንቅናቄዎቹ ጋር ተስማሙ። ከተማው ለመኖሪያ የሚሆነውን መሬቱን ከመሸጥ ይልቅ በሊዝ ይሰጣል፤ በዓመት 1,000 ቤት ደግሞ ለ100 ዓመት በዝቅተኛ ኪራይ እንዲቆይ ሆኖ ይሠራል። የመሬቱ ነገር በከተማዋ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። እህቴ አሁን በዚህ ደንብ ከሚሠሩት ቤቶች ለአንዱ ልታመለክት ወረቀቷን እያዘጋጀች ናት፤ አልቶና ውስጥ ከሆነ ይሻላል ብላኛለች።